የወፍራም ፊደል መልኩና ቦታው

ባለፈው ክረምት አንድ ጉዳይ ኖሮን ስሙን መግለጽ ወደማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። ተራችንን እየጠበቅን ሳለ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመው የተለጠፈውን ወረቀት በጣታቸው ሲከተሉ አየን። ጥቂት ቆይተው ወደ እኛ ዘወር አሉና፥ «ልጄ፥ ዐይኔ ደከመብኝ፤ እስቲ ይህ ወረቀት ምን እንደሚል አንብብልኝ» አሉን።

ወረቀቱን ተጠግተን አየነው። የላይኛውን እኩሌታ የያዘው የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፤ ስሙም ጥላ በተጣለበት፥ ዙሪያውን አበባ በከበበው፥ እጅግ ወፍራም በሆነ ፊደል ተጽፏል። ከዚያ በታች «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክቶችን አስከትሎ ቆሟል። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ መፈክር አለ፤ እሱም ወፍራም ነው። ለባለጉዳይ የሚያስፈልገው ነገር፥ ይኸውም ለቤት ጉዳይ ማመልከቻ ይዞ መቅረብ የሚገባው ሰነድና የመጨረሻው ቀን፥ ከወረቀቱ ግርጌ ከጉንዳን ባነሱ ፊደሎች ተደርድሯል። ቀኑ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ይህንኑ ስንነግራቸው እኒያ እናት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ባለፈው ሳምንትም እኮ መጥቼ አንብቤዋለሁ፤ ትልቁን ጽሕፈት አነበብኩትና የመሥሪያ ቤቱ ስም ሆነብኝ፤ እሱንማ ሳውቀው ነው የመጣሁት» አሉን። ጸሐፊውም ቀጣዩን ምዝገባ እንዲጠብቁ ነገራቸው። እኛን መርቀው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ወፍራም ፊደል እናስባለን። አንባቢዎቻችን ምናልባት «የፊደል ውፍረትም ሐሳብ ሆኖ ጋዜጣ ላይ ይወጣልን?» ይሉን ይሆናል። ይሁን እንጂ አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለአንደበት ብቻ አይመስለንም። የሚናገር ሰው ድምፁን ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ፥ የሚጽፍ ሰውም በፊደሉ መልክ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ወፍራምና ያጌጠ ፊደል ጩኸት ነው። ጩኸት ደግሞ እሳት ሲነሣ ያድናል፤ ያለ ቦታው ሲሆን ግን ከረብሻ በቀር ሌላ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ይህ ዐይነት ፊደል ከየት እንደ መጣ፥ ምን እንደሚመስልና ምን ላይ ቢውል እንደሚያምር በዛሬው ጽሑፋችን እንመለከታለን። የውጭ አገሩን ታሪክ ስናነሣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በላቲን ፊደል አጻጻፍ ከሆሄው ጫፍ ላይ የምትወጣ ትንሽ እግር አለች፤ ፈረንጆች ሰሪፍ ይሏታል። የመጻሕፍት ፊደላቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህች እግር ያለችው ሲሆን፥ ለብዙ ዘመን መጠነኛ ውፍረት ያለው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን በለንደን ንግድ ደራ፤ በየግድግዳው የሚለጠፍ ማስታወቂያም በዛ። የሎተሪ ሻጩ፥ የቲያትር ባለቤቱና ነጋዴው ሁሉ ከባልንጀራው ይልቅ የርሱ ወረቀት እንዲታይለት ፈለገ። የፊደል ቀራጮችም ይህን ፍላጎት አይተው ወፍራሙን መስመር እጅግ ወፍራም፥ ቀጭኑን መስመር ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጭን አድርገው አዲስ ፊደል አወጡ። ሮበርት ቶርን የሚባለው የለንደን ፊደል ቀራጭ በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣ ነው። እንግዲህ ወፍራሙ ፊደል ሲወለድ የመጽሐፍ ልጅ ሳይሆን የገበያ ልጅ ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ ለሚቀጥለው ነገር ይጠቅመናል።

የዚህ ቤተሰብ አባል ከሆኑት ውስጥ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው «ኩፐር ብላክ» የተባለው ነው። ብላክ ማለት ጥቁር ማለት ሲሆን፥ ኩፐር የፈጣሪው ስም ነው። ኦስዋልድ ብሩስ ኩፐር በ1879 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ተወለደ፤ ያደገው ግን በካንሳስ ነው። በወጣትነቱ ሥዕል ለመማር ወደ ቺካጎ ሄዶ ፍራንክ ሆልም ከሚባለው ሰው ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ፊደል አጣጣልን ካስተማሩት አንዱ በኋላ ስሙ በፊደል ሥራ እጅግ የገነነው ፍሬድሪክ ጋውዲ ነበር። ኩፐር ከባልንጀራው ከፍሬድ በርች ጋር በ1904 የራሱን የሥራ ቤት አቋቁሞ ለንግድ ማስታወቂያ ፊደል በእጁ ይጽፍ ጀመር። የእጁ ጽሕፈት ለስላሳና ክብ ስለ ነበረ ደንበኞች ወደዱት።

በቺካጎ ከተማ ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የሚባል የብረት ፊደል የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነበር። ይህ ፋብሪካ የኩፐርን የእጅ ጽሕፈት ወደ ብረት እንዲለውጥለት ጠየቀው። ኩፐር መጀመሪያ ለመጽሐፍና ለመደበኛ ጽሑፍ የሚሆን ፊደል ነደፈ፤ በ1922 ደግሞ ያንኑ ፊደል አወፍሮ ኩፐር ብላክን አወጣ። ነገሩ ከባድ ሥራ ነበር፤ ምክንያቱም ፊደልን ማወፈር ማለት በቀለም መደምሰስ ማለት አይደለምና ነው። መስመሩ በወፈረ ቁጥር በሆሄው ሆድ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቦታ እየጠበበ ይሄዳል፤ ነጩ ቦታ ከጠፋ ደግሞ ሆሄው ፊደል መሆኑ ቀርቶ የቀለም ነጠብጣብ ይሆናል።

ኩፐር ይህን ችግር እንዴት እንደ ተወጣው ማየት ያስተምራል። አንደኛ፥ የሆሄውን ጫፍ ሁሉ አድቦለቦለው፤ በፊደሉ ላይ ስለታም ማዕዘን አይገኝም፤ እግሮቹም በደንብ እንደ ተቦካ ሊጥ የተነፉና ክብ ናቸው። ሁለተኛ፥ የትንንሾቹን ሆሄያት ቁመት ከፍ አድርጎ ከመስመር በታች የሚወርደውን ጅራታቸውን አሳጠረው፤ በዚህም ቃሉ በአንድ ላይ የተጠጋጋና የጠነከረ ሆኖ ይታያል። ሦስተኛ፥ በሆሄው ሆድ ውስጥ የቀረችውን ትንሽ ነጭ ቦታ ወደ ኋላ ጋደል አደረጋት፤ ይህም በብርዕ የሚጽፍ እጅ የሚተወው ዘንበል ያለ አኳኋን ነው። ስለዚህ ፊደሉ እንደ ድንጋይ ቢከብድም እንደ ድንጋይ የሞተ አይደለም፤ የእጅ ሙቀት አለበት። የለንደኑ የቀድሞ ወፍራም ፊደል ኩራተኛና ደረቅ ሲመስል፥ ኩፐር ብላክ ግን ሆዱን አስቀድሞ የሚሥቅ ደግ ወፍራም ሰው ይመስላል።

ኩፐር ራሱም ስለ ፊደሉ ሲቀልድ፥ ይህ ፊደል አርቀው ለሚያስቡ አታሚዎችና አርቀው ማየት ለማይችሉ ደንበኞቻቸው የሚሆን ነው ይል እንደ ነበር ይነገራል። ቀልዱ እውነት አለበት። ጊዜው በአሜሪካ የጋዜጣና የመጽሔት ማስታወቂያ የተስፋፋበት ዘመን ነበርና፥ ገጹን የሚያገላብጠውን ሰው ዐይን የሚያቆም ፊደል ተፈለገ። ኩፐር ብላክ ለፋብሪካው ብዙ ገበያ አመጣ። ሌሎቹም ዝም አላሉም፤ በ1925 የቀድሞው አስተማሪ ጋውዲ ራሱ ላንስተን ሞኖታይፕ ለሚባለው ኩባንያ ተመሳሳይ ወፍራም ፊደል ሠራ። ተማሪው ባወጣው መንገድ አስተማሪው ተከትሎ ሲሄድ ማየት በሙያ ዓለም የሚያስገርም ቢሆንም የሚያሳፍር አይደለም። ሆኖም የቀድሞውን የመጽሐፍ ወግ የሚያከብሩ አታሚዎች የገጹን ሚዛን አጠፋው ብለው ይህን ጥቁር ፊደል አጥብቀው ይነቅፉት ነበር።

ኩፐር በ1940 ሞተ፤ ፊደሉ ግን አልሞተም። የብረት ፊደል በፎቶግራፍ በሚሠራ ፊደል ሲተካ፥ ሆሄያቱን እንደ ልብ ማጠጋጋትና ማነባበር ስለ ተቻለ፥ ኩፐር ብላክ በ1960ዎቹ እንደገና ተነሣ። ቢች ቦይስ የሚባሉት አሜሪካውያን ሙዚቀኞች በ1966 ያወጡት ፔት ሳውንድስ የተባለው የሸክላ ሽፋን የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። በ1970ዎቹ ወጣቶች በካናቴራቸው ላይ በካውያ እያስተኮሱ የሚያስለጥፉት ፊደል ይኸው ነበር። በ1995 ሥራ የጀመረው ኢዚጄት የተባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ኩባንያም ስሙን በብርቱካንማ ቀለም በዚህ ፊደል ጻፈ። የርካሽ ትኬት ሻጭ ነውና «አትፍሩኝ፥ ለናንተም እሆናለሁ» የሚል መልክ ፈለገ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ኩፐር ብላክ ያማረባቸውን ቦታዎች ሁሉ ብንመረምር ሦስት ነገር አንድ ሆኖ እናገኛለን። በመጀመሪያ፥ የተጻፈው ቃል ጥቂት ነው፤ አንድ ስም ወይም አንድ አርእስት። ሁለተኛ፥ ፊደሉ በትልቁ ተጽፏል፤ በትንሹ ቢጻፍ የሆሄው ሆድ በቀለም ይሞላል። ሦስተኛ፥ ጉዳዩና የፊደሉ ጠባይ ይስማማሉ፤ ከረሜላ፥ ዘፈን፥ ልብስ፥ ጨዋታ። በዚህ ፊደል የሐዘን መግለጫ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ የጻፈ ሰው ግን በለቅሶ ቤት እስክስታ እንደ ወረደ ይቈጠራል። ፊደሉ አልበደለም፤ ቦታው ነው የሳተው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። የላቲን ጽሑፍ አንድን ቃል ከሌላው ለመለየት ብዙ መሣሪያ አለው፤ ትልቅ ሆሄና ትንሽ ሆሄ አለው፤ ዘንበል ብሎ የሚጻፍ ፊደልም አለው። የግዕዝ ፊደል ከጥንት ጀምሮ ትልቅና ትንሽ ሆሄ ብሎ አልለየም። ይህ ማለት ግን አባቶቻችን ማጕላት አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። የብራና ጸሐፊው ሁለት ቀለም ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ጥቁሩ ለንባቡ፥ ቀዩ ደግሞ ለእግዚአብሔር፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፥ እንዲሁም ለምዕራፉ መነሻ ነው። ሐረጉንም በገጹ ራስ ላይ ይስለዋል፤ በንባቡ መካከል ግን አይበትነውም። ገጹን የገለጠ ሰው ሁሉ የከበረው ነገር የት እንዳለ ሳይነግሩት ያውቃል። ቀዩ ያስከበረው ጥቂት ስለ ሆነ ነው፤ ገጹ ሁሉ ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀይ መሆኑ ምንም ባልተናገረ።

በጎንደር ዘመን ደግሞ ጉልሕ የሚባል ትልቅና ወፍራም አጻጻፍ ነበር፤ ረቂቅ የሚባለው ደግሞ ቀጭኑና ትንሹ ነው። ስሙን ልብ እንበል። በቋንቋችን ጉልሕ ማለት ግልጽ፥ የሚታይ፥ የማይደበቅ ማለት ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ወፍራሙን ፊደል የሰየሙት በውፍረቱ ሳይሆን በጥቅሙ ነው። ጉልሕ ፊደል ነገርን ካላጐላ ስሙን አጥቷል።

ዛሬ ብራናው ቀርቶ ኮምፒዩተር በየጠረጴዛው ላይ አለ፤ ማንኛውም ወጣት ሠራተኛ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቃሉን «ቦልድ» ያደርጋል። እዚህ ላይ በዝምታ የሚያልፍ ጉዳት አለ። በፊደላችን ውስጥ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ትንሽ ምልክት ነው። ሉ በወገቡ፥ ሊ በእግሩ አጠገብ ጭረት አላቸው፤ ሌ ደግሞ በዚያው በእግሩ አጠገብ ቀለበት አለው። ነ እና ኘን፥ ተ እና ቸን የሚለየው በራስ ላይ ያለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ብዙ የግዕዝ ፎንት የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ስለ ሆነ፥ ቁልፉ ሲጫን ኮምፒዩተሩ የተነደፈ ወፍራም ፊደል አያገኝም፤ ያንኑ ቀጭኑን ዳር ዳሩን ያብጠዋል። ያን ጊዜ የሌ ቀለበት ይደፈንና ሌው ሊ ይመስላል፤ ቤት የሚለው ቃልም በደካማ ዐይን ቢት ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ኩፐር በቺካጎ ሆኖ ለእያንዳንዱ ሆሄ ሆድ የተጨነቀበትን ሥራ እኛ በአንድ ቁልፍ እናበላሸዋለን ማለት ነው። በእውነት በልዩ ልዩ ውፍረት የተነደፉ የግዕዝ ፎንቶች አሉ፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ለምሳሌ ከቀጭን እስከ ጥቁር ድረስ ተሠርቶ ያለ ዋጋ ይገኛል። ሳንመርጥ የቀረነው ስለሌለ ሳይሆን ስላልጠየቅን ነው።

ሌላውን ስንነቅፍ ራሳችንን ነጻ አናወጣም። በዩኒቨርሲቲ ሳለን ለአንድ የተማሪዎች ክርክር ማስታወቂያ እንድናዘጋጅ ታዝዘን፥ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በወፍራም ፊደል ሞልተን በአራት ዐይነት ጌጥ አስጊጠነው ነበር። እጅግ አምሮ ታየን። ሰዓቱ ደርሶ አዳራሹ ግን ሊሞላ አልቻለም። አንድ ጓደኛችንን ለምን ቀረህ ብንለው፥ «ወረቀታችሁን አይቼዋለሁ፤ ሰዓቱ ግን አልታየኝም» አለን። ሁሉም ሲጮህ ማንም አልተሰማም። ማርም ሲበዛ ይመራል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ የማርቀቅ ዕድል ለሚደርሳችሁ ወጣት ሠራተኞችና ነገ ለሚደርሳችሁ ተማሪዎች፥ ከራሳችን ስሕተት የቀሰምነውን ጥቂት ምክር እንለግሳለን። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት፥ «ይህን ቃል ያላየ ሰው ምን ይጐድልበታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ባያይ ምንም አይጐድልበትም፤ በሩ ላይ ተጽፏልና። የመጨረሻውን ቀን ባያይ ግን ዓመት ሊጐድልበት ይችላል። እንግዲያስ ወፍራሙ ፊደል የቀኑ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ይወፍር፤ ሌላው በመጠነኛ ፊደል፥ ለዐይን በሚበቃ ትልቅነትና በቂ ነጭ ቦታ ተትቶለት ይጻፍ። ጥላና አበባ ለሠርግ ጥሪ ይቈይ። ረጅም ንባብ በወፍራም ፊደል አይጻፍ፤ ዐይንን ያደክማልና። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና፥ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጉዳዩን የማያውቅ አንድ ሰው፥ ቢቻል ጥበቃውን ወይም በዕድሜ የገፉ እናትን፥ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የሚሰጧችሁ መልስ ፍርዱ ነው።

«የመሥሪያ ቤቱ ክብርስ?» የሚል አይጠፋም። ስሙ በትንሽ ፊደል ቢጻፍ አለቃው ቅር ይለዋል፤ ወጣቱም ሠራተኛ ይህን ፈርቶ ስሙን ያወፍራል። ፍርሃቱን እንረዳዋለን፤ እኛም የምንኖረው በዚሁ ዓለም ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ክብር በስሙ ውፍረት የሚለካ ቢሆን ኖሮ፥ በሰሌዳው ፊት ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ባልበዛም ነበር። ባለጉዳዩ ቀኑን አውቆ፥ ሰነዱን አሟልቶ፥ በአንድ ቀን ጉዳዩን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ የመሥሪያ ቤቱን ስም በመልካም ያነሣል። ያ ስም ከማንኛውም ወፍራም ፊደል ይልቅ ጉልሕ ነው። ይህንንም ለአለቃ በትሕትና ማስረዳት ከተማረ ሰው የሚጠበቅ ነው፤ ወረቀቱን በሁለት መልክ አዘጋጅቶ ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ማሳየት ከብዙ ክርክር ይበልጣል።

ወፍራሙን ፊደል አንጠላም። ኩፐር በጥንቃቄ የሠራው ጥቁር ፊደል ከመቶ ዓመት በኋላም ሰውን ፈገግ የሚያሰኘው ሙያ ስላለበት ነው፤ የብራናው ቀይ ቀለምም ዐይናችንን እስከ ዛሬ የሚስበው በቦታው ስለ ዋለ ነው። የምንለው፥ ጩኸታችንን ለሚገባው እንቈጥበው ነው። እኒያ እናት ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ አንብበዋል፤ ንባባቸው አልጐደለም፤ የጐደለው የእኛ የተማርን ነን የምንለው ሰዎች አጻጻፍ ነው። በሚቀጥለው ምዝገባ ተመልሰው ከዚያ ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ፥ በትልቁ ተጽፎ የሚያገኙት የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳይሆን የመምጫቸውን ቀን እንዲሆን እንመኛለን።